ክትክታው ነው የገደለው ወይስ ዲኤምኤስኦው? ከሸዋ ሮቢት ቆላ ስለተሰበሰቡ መድኃኒት እፅዋት የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ካለው ቆላ የክትክታ ቅጠል፣ የቁርቁራ ቅጠልና እሬት ሰበሰብን። የሁለቱን ቅጠል በ80 በመቶ ሜታኖል፣ እሬቱን በውሃ አወጣን። የላብራቶሪ ሥራው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። በዲፒፒኤች (ፀረ ኦክሲዳንት ሲነካው ሐምራዊነቱ የሚጠፋ ቀለም) የክትክታው አይሲ ሃምሳ (ቀለሙን በግማሽ የሚያጠፋው መጠን) 25፣ የቫይታሚን ሲው 22 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። በአጋር ጉድጓድ ዘዴ (ባክቴሪያ የተዘራበት የአጋር ጄል ላይ ጉድጓድ ፈልፍሎ ከተክሉ የወጣውን ኤክስትራክት መጨመር) ክትክታው ስታፊሎኮከስ አውሬስ (ስታፍ) ላይ 16 ሚሊ ሜትር ዞን (ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ) ሲሰጥ ኢ. ኮላይ ላይ ምንም አልሰጠም። ቁርቁራው ስታፉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሰጠ፤ እዚያው ዲኤምኤስኦ (ኤክስትራክቱን ያሟሟንበት ፈሳሽ) ብቻ የገባበት ጉድጓድም 9 ሰጠ። ኤምአይሲ (የባክቴሪያን እድገት የሚያቆም ዝቅተኛው መጠን) ስንሠራ ክትክታ ያለበት ጉድጓድ ሁሉ፣ ወፍራሙ ሳይቀር፣ በሬሳዙሪን ሮዝ ሆነ። የእሬቱ ዱቄት ሻገተ። ምንም ያልተዘራባቸው ፕሌቶችም አልፎ አልፎ ያበቅላሉ። የክትክታው ፀረ ኦክሲዳንት ኃይል ለፀረ ባክቴሪያነቱ ምክንያት ነው ብለን መጻፍ እንችላለን?»

ከመጨረሻው ልነሳ፤ አትችሉም። ከዘረዘራችኋቸው ቁጥሮች ውስጥ ስለ እፅዋቱ የሚናገረው ምናልባት አንዱ፣ ክትክታው ስታፍ ላይ የሰጠው 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ስለ ዲኤምኤስኦ፣ ስለደከመ ቫይታሚን ሲና ስለ ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው የሚናገረው። ሥራው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ባዶውን የዲኤምኤስኦ ጉድጓድ ባታስቀምጡ ኖሮ ያን 9 ሚሊ ሜትር ማንም አያየውም ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን ጉድጓድ ይዘለዋል።

በሮዙ ጉድጓድ ልጀምር፣ ዋናው ቋጠሮ እዚያ ስላለ።

ሬሳዙሪን ሰማያዊ ቀለም ነው። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ስለዚህ ሰማያዊ የቀረ ጉድጓድ «እድገት የለም»፣ ሮዝ የሆነ ጉድጓድ «እድገት አለ» ተብሎ ይነበባል። ቀለሙ ግን ኤሌክትሮኑን ማን እንደሰጠው አይጠይቅም። የዲፒፒኤችን ሐምራዊ ቀለም ያጠፋው የክትክታ ፌኖል ኤሌክትሮንና ሃይድሮጅን በመስጠት የታወቀ ነው፤ ያንኑ ለሬሳዙሪንም ሊያደርግ ይችላል። ባክቴሪያው በሙሉ ቢሞት እንኳ ጉድጓዱ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ወፍራሙ ኤክስትራክት ያለበት ጉድጓድ ከቀጭኑ ቀድሞ ሮዝ ሆኖ ከነበረ ጥፋተኛው ባክቴሪያው አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያ መድኃኒት በበዛበት ቦታ ፈጥኖ አያድግም። ሬሳዙሪኑን ቲቲሲ በተባለው ሌላ ቀለም መተካት አያድናችሁም፣ እሱም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ የፀረ ኦክሲዳንት ኃይሉ የፀረ ባክቴሪያ ምርመራችሁን ነው ያበላሸው፤ እናንተ ግን ሁለቱን በምክንያትና በውጤት ልታያይዟቸው ነበር።

መፍትሔው ሳህኑን እንደገና መዘርጋት ነው። ኤክስትራክቱን በንጹሕ ዲኤምኤስኦ 100 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር አድርጋችሁ አሟሙ። ከዚያ 20 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ በ980 ማይክሮ ሊትር ሙለር ሂንተን ብሮዝ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) ስትበጠብጡት 2 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ዲኤምኤስኦው 2 በመቶ ነው። በ96 ጉድጓዱ ሳህን ላይ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ከዚህ 200 ማይክሮ ሊትር አድርጉ። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው 100፣ 100 ማይክሮ ሊትር ባዶ ብሮዝ ይግባ። ከአንደኛው 100 እየቀዳችሁ ወደ ቀጣዩ አሻግሩ፣ በየጉድጓዱ አምስት ስድስት ጊዜ በፒፔቱ ሳቡና መልሱ፣ ከስምንተኛው የተረፈውን 100 ድፉት። የባክቴሪያውን ድፍርስነት ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ጋር አስተካክሉና (1 ሚሊ ሊትሩ 150 ሚሊዮን አካባቢ ባክቴሪያ ይይዛል) በብሮዝ 150 እጥፍ አቅጥኑት፤ ከዚያም በየጉድጓዱ 100 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ። አሁን የመጀመሪያው ጉድጓድ 1 ሚሊግራም፣ ስምንተኛው 7.8 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ባክቴሪያው በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ያህል፣ ዲኤምኤስኦው ቢበዛ 1 በመቶ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የባክቴሪያ ረድፍ ከሥሩ ሌላ ረድፍ አብሮት ይሂድ፦ ያው ኤክስትራክት፣ ያው መጠን፣ ባክቴሪያ የሌለበት። ባክቴሪያ ከ1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ጋር፣ ባክቴሪያ ብቻውን፣ ብሮዝ ብቻውን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የገባበትም ይኑር።

ከ18 እስከ 20 ሰዓት በ35 ዲግሪ ካቆያችሁ በኋላ ቀለም ከመጨመራችሁ በፊት ከየጉድጓዱ 10 ማይክሮ ሊትር እያነሳችሁ አዲስ አጋር ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጉ። በማግሥቱ ዳኛው ያ ፕሌት ነው፤ ምንም ያልበቀለበት ነጥብ ባክቴሪያው የሞተበት መጠን ነው፣ ቀለም አያሳስተውም። ሬሳዙሪኑን ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ (የ0.015 በመቶውን 30 ማይክሮ ሊትር) ጨምሩና ባክቴሪያ የሌለበትን ረድፍ አስተያዩ። ያም ሮዝ ከሆነ ቀለሙን ለክትክታ አትጠቀሙ። አንድ ነገር አትርሱ፣ መጠኑ በየእርምጃው በግማሽ ስለሚቀንስ የአንድ ጉድጓድ ልዩነት እንደ ልዩነት አይቆጠርም፤ 125 እና 250 በዚህ ዘዴ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ጥሬ ኤክስትራክት ከ100 ማይክሮግራም በታች ካቆመ ጥሩ ነው፤ ከ1000 በላይ ከሆነ ሳይንሱ ብዙም አይደነቅበትም።

ወደ ቁርቁራው። ጉድጓዱ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዲኤምኤስኦው ብቻውን በየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ገድሏል፤ ቁርቁራ ሲጨመርበት 2 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በየጎኑ የግማሽ ሚሊ ሜትር ብልጫ በማስመሪያ የማንበብ ስሕተት ውስጥ ይገባል። 9ኙን ከ10ሩ ቀንሶ «1 ሚሊ ሜትር» ብሎ መጻፍም አይሆንም፤ ዞን እንደ ሂሳብ ገንዘብ አይቀናነስም። ያን የቁርቁራ ውጤት ጣሉት። ንጹሕ ዲኤምኤስኦ በቀጥታ ወደ ጉድጓድ ከገባ ባክቴሪያን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በውሃ ወደ 10 በመቶ አውርዳችሁ ብትጨምሩት ይሻላል፤ ችግሩ የክትክታ ሙጫ ውሃ ሲነካው ወዲያው ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ የረጋ ነገር ደግሞ በአጋር ውስጥ አይሄድም። ለዚህ ዓይነቱ ኤክስትራክት የወረቀት ዲስክ ይመረጣል፦ በሜታኖል አሟሙትና 6 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ 10 ማይክሮ ሊትር ጠብ አድርጉ፣ ይድረቅ፣ ድገሙ፣ ሜታኖሉ ሙሉ በሙሉ እስኪተን አቆዩት፣ ከዚያ አጋሩ ላይ አኑሩት። ሜታኖል ብቻ ጠጥቶ የደረቀ ዲስክ ኮንትሮል ይሁን።

16 ሚሊ ሜትሩን «ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር የሚቀራረብ» ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው 100 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ መጠኑም 80 ማይክሮ ሊትር ከነበረ፣ 8 ሚሊግራም ክትክታ አለ። የሲፕሮው ዲስክ 5 ማይክሮግራም ነው። በክብደት 1600 እጥፍ ብልጫ ሰጥታችሁት ነው የተወዳደረው። ሲፕሮውን ለሌላ ጥቅም ተጠቀሙበት፦ ኤቲሲሲ 25923 የተባለው መደበኛ ማመሳከሪያ ስታፍ ላይ ከ22 እስከ 30፣ ኤቲሲሲ 25922 የተባለው ኢ. ኮላይ ላይ ከ29 እስከ 38 ሚሊ ሜትር መስጠት አለበት። ከዚህ ከወጣ የአጋሩ ውፍረት፣ የባክቴሪያው ብዛት ወይም ዲስኩ አንዱ ጥፋት አለበት፣ የዚያን ቀን የክትክታ ቁጥርም አብሮ ይጣላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውፍረቱ ነው። አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በ90 ሚሊ ሜትር ፔትሪ ዲሽ ይህ 25 ሚሊ ሊትር ነው። ሙለር ሂንተን አጋር ለመቆጠብ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ስታፈሱ ዞኑ ያለአግባብ ይሰፋል። በዓይን ግምት ከማፍሰስ በሲሊንደር መለካት ይሻላል፤ ጠረጴዛው ያዘነበለ እንደሆነ ደግሞ አንድ ወገን ወፍራም፣ አንድ ወገን ስስ ይሆንና ክቡ ዞን እንቁላል ይመስላል።

ኢ. ኮላይ ላይ ዞን አለመታየቱ ስሕተት አይደለም፣ አታስተካክሉት። ኢ. ኮላይ ግራም ኔጌቲቭ ነው፤ ከግድግዳው ውጭ ሌላ ሽፋን አለው፣ ያ ሽፋን የሙጫነት ጠባይ ያላቸውን ውሃ ጠል ሞለኪውሎች ያግዳል፣ የገባውንም መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ አለው። ስታፍ ይህ ሁለተኛ ሽፋን የለውም። የክትክታን እንቡጥ ቅጠል በጣታችሁ ብታሹት የሚያብረቀርቀውና የሚጣበቀው ነገር፣ ዳይተርፔኖችና ሜታይል የታከለባቸው ፍላቮኖይዶች የበዙበት ሙጫ፣ ውሃ ጠል ነው። ስለዚህ ስታፍን ገድሎ ኢ. ኮላይን መተዉ የሚጠበቅ ጠባይ ነው። ሕዝቡ ክትክታን በብዛት የሚያውቀው ለቁስል ከሆነ ደግሞ ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፍ ትክክለኛው ባላጋራ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ለኢ. ኮላይ «ዞን አልታየም» ብላችሁ ጻፉ፤ «6» ብላችሁ የጉድጓዱን ስፋት እንዳትጽፉ፣ አንባቢ ተሳስቶ ውጤት ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ ቅጠል ቀጥቅጦ በቅቤ ለውሶ ቁስል ላይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ቅቤ ውሃ ጠል ነገሮችን የሚያሟሟ ስብ መሆኑን አስቡት፤ አፍልቶ ከማጠብ ይልቅ በቅቤ መለወስ ሙጫውን ያወጣዋል። ክትክታን በውሃ ብቻ አፍልቶ «ምንም አልሠራም» የሚል ጥናት ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ሙጫውን ለብቻው ማየት ከፈለጋችሁ መፍጨት እንኳ አያስፈልግም። ያልተፈጨውን ደረቅ ቅጠል በአሴቶን ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ነክራችሁ አውጡት፣ አሴቶኑን አጥሩና አትንኑት። የምታገኙት የገጽ ሙጫ ነው፣ አረንጓዴው ክሎሮፊል አብዛኛው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ቅጠሉን ከፈጫችሁት ግን ሙጫውም፣ ታኒኑም፣ ስኳሩም፣ ክሎሮፊሉም አንድ ላይ ይመጣል፣ ምን እንደገደለ አይታወቅም። (የብረት ሙቀጫ አትጠቀሙ፤ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል፣ ቀለሙም ኋላ የዲፒፒኤች ንባባችሁን ይረብሻል።)

አሁን ቫይታሚን ሲ። ቁጥራችሁ 22 ነው፤ ማመሳከሪያው ታሞ ስለሆነ ነው ክትክታው ከእኩያው ጋር የተሰለፈ የመሰለው። ሂሳቡን እንይ። ዲፒፒኤች በሞል 394.3 ግራም ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል 3.94 ሚሊግራም ካሟማችሁ 0.1 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ከዚህ 3 ሚሊ ሊትር በ1 ሚሊ ሊትር ናሙና ስትቀላቅሉ 0.075 ይቀራል። ግማሹን ለማጥፋት 0.0375 ሚሊ ሞላር መጥፋት አለበት። አንድ የአስኮርቢክ አሲድ ሞለኪውል ሁለት ዲፒፒኤች ስለሚያጠፋ የሚያስፈልገው 0.01875 ሚሊ ሞላር፣ በክብደት 3.3 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው። ይህ የመጨረሻው ድብልቅ ውስጥ ያለው ነው። ከመቀላቀሉ በፊት በነበረው 1 ሚሊ ሊትር ካሰባችሁት አራት እጥፍ፣ 13.2 ይሆናል። በየትኛው እንዳሰባችሁት አልጻፋችሁም፤ በሁለቱም 22 ከፍተኛ ነው። በመጀመሪያው ከሆነ ቫይታሚን ሲያችሁ ከመቶ 85 ያህሉ ሞቷል፤ በሁለተኛው ከመቶ 40 ያህሉ። ዲፒፒኤቹን አወፍራችሁ ከሆነም ያው ቁጥር ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በ517 ናኖሜትር የባዶውን ድብልቅ አብዞርባንስ (የሚውጠውን ብርሃን ልክ) ተመልከቱ፣ 0.8 አካባቢ መሆን አለበት። ከ1.5 በላይ ካነበበ ዲፒፒኤቹ በዝቷል።

አስኮርቢክ አሲድ ዛሬ ተሟሙቶ ነገ የሚለካ ነገር አይደለም። ብርሃን፣ ሙቀት፣ በውሃ ውስጥ ያለ ጥቂት መዳብ ወይም ብረት ያጠፋዋል። በዚያው ሰዓት፣ በተጣራ ውሃ ወይም በሜታኖል፣ በጨለማ ጠርሙስ አዘጋጁት። ሌላው የዲፒፒኤች ወጥመድ ቀለሙ ነው። የክትክታው ኤክስትራክት አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ እሱም በ517 ጥቂት ብርሃን ይውጣል። ለእያንዳንዱ መጠን ኤክስትራክቱን ዲፒፒኤች በሌለበት ሜታኖል ቀላቅላችሁ አንብቡና ከናሙናው ንባብ ቀንሱ። ያን ካላደረጋችሁ ዝቅተኛ ኃይል ይታያችኋል። በውሃ የወጣውን እሬት ደግሞ ወደ ዲፒፒኤች ስትጨምሩ ውሃው ከበዛ ዲፒፒኤቹ ይዘቅጣል፣ ድፍርሱም ብርሃን ይበትንና ምርመራውን ያበላሻል። 30 ደቂቃ በጨለማ ማቆየቱን ታውቁታላችሁ፤ የሁሉም ቱቦ 30 ደቂቃ ግን እኩል መሆን አለበት፣ መጀመሪያ የተቀላቀለው መጀመሪያ ይነበባል።

ሳይዘራባቸው የሚያበቅሉት ፕሌቶች የከፍታ ጉዳይ ይመስሉኛል። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ውሃ እዚያ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአየር ግፊቱ ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የማምከኛ ዕቃ) መመሪያ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ በደብረ ብርሃን 15 ላይ ስታቆሙት ውስጡ 116 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 19 ግድም ማንበብ አለበት። አውቶክሌቩ ያን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጨምሩ፤ የማይችል ከሆነ ሰዓቱን አርዝሙ፣ 15ቱን ደቂቃ ወደ 45 ውሰዱት፣ ፍተሻውንም በሙቀት ቴፕ ብቻ አትጨርሱ፣ ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር የያዘ የመፈተኛ ጠርሙስ አብራችሁ አስገቡ። መጀመሪያ አየሩን በደንብ ሳታስወጡ መዝጋትም ያው በሽታ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ብትሠሩት ኖሮ ችግሩ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

እሬቱ። ሰው «እሬት እሬት ይላል» የሚለው የቅጠሉ ቆዳ ሥር ያለውን ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ መሐል ያለው ግልጽ ጄል እምብዛም አይመርም። ሁለቱ የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። ቢጫው አሎይንና መሰሎቹን ይይዛል፤ ጄሉ ከመቶ 98 እና ከዚያ በላይ ውሃ ነው፣ የቀረው ስኳርነት ያለው ነገር ነው። አንድ ላይ ፈጭታችሁ በውሃ አውጥታችሁ በ40 ዲግሪ ኦቨን ስታስቀምጡት ለሻጋታ ምቹ ሾርባ ነው የሠራችሁት፤ ደርቆም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጣችሁ ቁርጡን ወደ ታች አድርጋችሁ ሳህን ላይ አቁሙት። ቢጫው ጠብ ጠብ ብሎ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይወርዳል፣ ስስ አድርጋችሁ ካደረቃችሁት ይሰበራል፣ ይፈጫል። ጄሉን ግን ያለ ላዮፊላይዘር (አቀዝቅዞ በቫኪዩም የሚያደርቅ ማሽን) አታድርቁ፤ ማሽኑ ከሌለ ትኩሱን ጨምቃችሁ፣ በሴንትሪፉጅ አጥርታችሁ፣ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፋችሁ በዚያው ቀን ሥሩበት። እሬት የሚለው ስም ራሱ አይበቃም። በደጋው ሸዋ ያለው ኤሎ ደብራናና በቆላው የሚገኘው አበባው ፀጉራም ኤሎ ትሪኮሳንታ ሁለቱም እሬት ናቸው፣ ኬሚስትሪያቸው ግን አንድ አይደለም። ቁርቁራም ከአንድ በላይ የዚዚፈስ ዝርያ ላይ የሚወድቅ ስም ነው። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ጨፍልቃችሁ፣ የተሰበሰበበትን ቀበሌ፣ ከፍታና ቀን ጽፋችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ላኩ። ናሙናውን ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ውጭ አገር ልትልኩ ካሰባችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እውቀቱን የሰጣችሁ የአካባቢው ሰውም ፈቃዱ ይጠየቃል።

ስለ አሰባሰቡ ያልጻፋችሁትን ልገምት። ቅጠሉን ትኩሱን በማዳበሪያ ጠቅጥቃችሁ በጣርማ በር በኩል ወደ ደጋ አውጥታችሁት ከሆነ፣ ስትፈቱት ሞቆ፣ ላብ ይዞ፣ ጠርዙ ጠቁሮ ሳይሆን አይቀርም። ያ ጥቁረት ኢንዛይሙ ፌኖሉን ሲበላው ነው፣ ልትለኩት የሄዳችሁትን መንገድ ላይ ጨረሳችሁት ማለት ነው። እዚያው ቆላው ላይ ጥላ ውስጥ፣ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ዘርግታችሁ፣ በቀን ሁለቴ እያገላበጣችሁ አድርቁ። ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይገባም። የበጋውን ከክረምቱ አትቀላቅሉ፤ ደረቅ ወቅት ላይ ተክሉ ፀሐይና ጥማት ሲበዛበት ፌኖሉን ያበዛል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ ዱቄታቸው ግን አንድ ይመስላል።

ሲወጣም 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር፣ 72 ሰዓት እየተናጠ፣ ተጣርቶ፣ ዝቃጩ በአዲስ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ተደግሞ፣ ሦስቱ ተደባልቀው ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ሮተሪ (ፈሳሹን በዝቅተኛ ግፊት የሚያተን ማሽን) ላይ ይተናሉ። ከ80 በመቶ ሜታኖል መጨረሻ ላይ የሚቀረው ውሃ ነው፤ ያን ሽሮፕ ኦቨን ውስጥ ትታችሁ ከሄዳችሁ የእሬቱ ዕጣ ይገጥመዋል። ሦስት ፕሌት ከአንድ ጠርሙስ መሥራት ሦስት ድግግሞሽ አይባልም፤ ሦስት ለየብቻ የተሰበሰበና የወጣ ናሙና ነው ድግግሞሽ የሚባለው።

ወደ ምክንያቱ ጥያቄ ልመለስ። ሁለቱ ኃይሎች አንድ መሆናቸውን ማወቅ የምትችሉት ኤክስትራክቱን ከፋፍላችሁ ነው። ደረቁን ኤክስትራክት ውሃ ውስጥ በትኑትና በሄክሴን፣ ቀጥሎ በክሎሮፎርም፣ ቀጥሎ በኤቲል አሲቴት በተራ እጠቡት። አራቱን ክፍሎች በሁለቱም ምርመራ አሳልፉ። የእኔ ግምት ዲፒፒኤቹ በኤቲል አሲቴቱና በውሃው፣ ስታፍ የሚገድለው ደግሞ በክሎሮፎርሙ በኩል ይበረታል የሚል ነው፤ ሜታይል የታከለበት ፍላቮኖይድ ሃይድሮጅን የሚሰጥበት እጁ ስለተያዘ ዲፒፒኤች ላይ ደካማ ነው፣ የባክቴሪያ ሽፋን ውስጥ ግን ይገባል። እንዲያ ከሆነ «ፀረ ኦክሲዳንት ስለሆነ ገደለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል።

ገዳዩ ኤቲል አሲቴቱ ውስጥ ቢገኝም ገና አትቸኩሉ። ጋሊክ አሲድና ካቴኪን የመሳሰሉ ፌኖሎች ብሮዝ ውስጥ ሲቀመጡ ራሳቸው ኦክሲጅን ላይ ይሠሩና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ። ባክቴሪያውን የገደለው እሱ ከሆነ ተክሉ የሠራው ኦክሲዳንት ሆኖ ነው፣ የፀረ ኦክሲዳንት ተቃራኒ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱን ረድፍ ካታሌዝ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰብር ኢንዛይም) ጨምራችሁ፣ ሌላውን ያው ካታሌዝ ተቀቅሎ ከሞተ በኋላ ጨምራችሁ ሥሩ። በሕያው ካታሌዝ ኤምአይሲው ሁለት ጉድጓድና ከዚያ በላይ ከፍ ካለ፣ በሞተው ግን ካልተነቃነቀ፣ ገዳዩ ፐርኦክሳይዱ ነው። ካታሌዙን ስትቀቅሉ ግን 5 ደቂቃ ላይበቃ ይችላል፤ የደብረ ብርሃን ውሃ 91 ዲግሪ ስለሆነ ወደ 20 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያም ጠብታ ፐርኦክሳይድ አድርጋችሁበት አረፋ አለመስጠቱን አይታችሁ ወደ ሳህኑ አስገቡት።